ሙልሙሉ ማንን ይጠብቃል?

አሜሪካ ያለችው ታናሽ እህቴ ባለፈው ሳምንት አንድ ፎቶ ላከችልኝ። የፍሪጇ በር ላይ የለጠፈችው ወረቀት ነው። ልጆቿ ትምህርት ተዘግቶ ቤት ስለሚውሉ ለየቀኑ አንድ አንድ ጨዋታ መድባላቸዋለች። አመዳደቧም ዝም ብሎ አይደለም፤ እዚያ አገር ቀኑ ሁሉ ስም አለው። የሐብሐብ ቀን አለ። የጁላይ ሦስተኛው እሑድ ደግሞ የአይስክሬም ቀን ነው፤ ያወጁት ፕሬዚዳንት ሬገን ናቸው፣ በ1984 እ.ኤ.አ.። እኛ የሰባ ሰባቱ ረሃብ ደጃፍ ላይ በነበርንበት ክረምት መሆኑ ነው። እሱን ትቼ ልቀጥል።

«እትዬ፣ አንቺስ እነዚያን ልጆች ክረምቱን ሙሉ ምን ታደርጊያቸዋለሽ?» አለችኝ።

«እኔ ምን አደርጋቸዋለሁ፤ ግድግዳችን ላይ መቁጠሪያ ተሰቅሏል፣ እሱ ያውቅላቸዋል» ብዬ ተኮፈስኩባት። ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ሁለቱ ልጆቼ ሶፋው ላይ ተጋድመው የአባታቸውን ስልክ ይሻማሉ።

እንግዲህ ይቺን የምጽፈው ለእሷ የዋሸሁትን ለማቃናት ነው።

ክረምት በእኛ መቁጠሪያ ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። ለልጅ ግን ክረምት የሚገባው ሰኔ 30 ነው። ካርድ የሚወሰድበት ቀን፤ የዓመቱ ቂም ሁሉ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ የሚወራረድበት ቀን። «ሰኔ ሠላሳ እንገናኝ!» የሚለው ዛቻ ከጥር ጀምሮ ይከማች ነበር። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ደረጃ ወጥቼ እየሮጥኩ ስመጣ ሹሩባዬን ተጎትቻለሁ። ለምን እንደሆነ አሁንም አላውቅም፤ የጎተተችኝ ልጅ ዛሬ ሚዜዬ ናት።

ሐምሌ የበርበሬ ነው። ጃቢ ጠህናንም ሆነ ቡሬ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ችግኙ ከመደብ ተነቅሎ ወደ ማሳው ሲዛወር የልጅ እጅ ይፈለጋል። ጎንበስ ያለ ጀርባ፣ እስከ ጉልበት ጭቃ፣ ከላይ ዝናብ። ይህን እንደ ጨዋታ አድርጌ ብጽፍ የገጠር ልጆች ይታዘቡኛል። ሥራ ነው፣ ይደክማል። ልጆቼን አምና አንድ ቀን ወደ እናቴ መንደር ወስጃቸው አንድ መስመር ሳይጨርሱ «ወደ ቤት እንሂድ» አሉ። ያም ሆኖ ትንሹ ልጄ እስካሁን አንዲቱን መስመር «የእኔ በርበሬ» ይላታል።

ሐምሌ 19 ገብርኤል ነው፤ እናቴ የዚያን ቀን የቂርቆስን ታሪክ ሳትናገር አትውልም። የሦስት ዓመት ሕፃን፣ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በፈላ ውኃ ፊት የቆመ። ልጄ ስድስት ዓመቱ ስለሆነ ሕፃኑን ታናሹ አድርጎ ያዝንለታል። ከዚያ ነሐሴ ሲብት ፍልሰታ ይገባል፤ ሁዳዴን የማይሞክር ልጅ ፍልሰታን እጾማለሁ ብሎ ይነሣል። እስከ ስንት ሰዓት እንደቆየ ይፎካከራል። ጎረቤት ለጎረቤት «አንተ ስንት ሰዓት በላህ?» ነው ወሬው። ከነሐሴ 10 ወዲህ ያለውን ሰሞን ሊቃውንቱ «ዕጓለ ቋዓት» ይሉታል፤ የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። አምና ይህን ለልጆቼ ነግሬያቸው አንድ ሳምንት ሙሉ አንገታቸውን ቀና አድርገው ባሕር ዛፉን ሲቃኙ ከረሙ። አንድም ጫጩት አላየንም። እናት ቁራ ግን የእኛን ዳቦ ከመስኮት ነጥቃ ስትሄድ አይተናል፤ ለማን እንደወሰደችው ተከራክረን ተከራክረን ለጫጩቶቿ ነው ብለን ፈረድንላት።

አሁን ቡሄ ላይ ልምጣ፤ ዘንድሮ ነሐሴ 13 ረቡዕ ይውላል።

ቡሄ ያለ ጅራፍ የለም፣ ጅራፍ ደግሞ ይገመዳል እንጂ አይገዛም፤ በእኔ ቤት ሕግ ቢያንስ። ቤተ ክርስቲያን ድምፁን በደብረ ታቦር ከተሰማው ነጎድጓድ ጋር ታያይዘዋለች፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ክረምቱ ማለፉን ማብሠሪያ ነው ይሉታል። ባለቤቴ የገጠር ልጅ ነው፤ ሃያ ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጦ አገማመዱ ጠፋበት። ቃጫውን ዘፍዝፎ፣ ጣቶቹ መሀል አስገብቶ፣ ሲያከርረው ይፈታበታል። በመጨረሻ ከላህ ወንዝ ማዶ ከብት የሚጠብቅ አሥራ አንድ ዓመት የማይሞላው ልጅ ጠራና ልጁ አስተማረው። ባለቤቴ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ልጁ ከላይ ቆሞ «እንደዚያ አይደለም ጋሼ፣ ጫፉን ያዙልኝ» እያለ ሲያርመው ብታዩ! የእኔ ልጅ የዚያን ቀን አባቱን የሚያርም ልጅ በዓለም ላይ መኖሩን አወቀ። እስካሁን አልረሳውም፣ ለእኛም አልበጀንም።

ሙልሙሉ የጾም ዳቦ ነው። ቡሄ ፍልሰታ መሀል ስለሚውል ወተትና ቅቤ አይነካውም። አባቶች ሲተርኩ፣ በታቦር ተራራ ብርሃን የነጋ የመሰላቸው እረኞች በዚያው ሲቆዩ ቤተሰቦቻቸው ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ፈለጓቸው፤ ችቦውም ሙልሙሉም ከዚያ መጣ ይላሉ። የክርስትና ልጅ ካለሽ ሙልሙሉን ለእሱ ታስቀምጫለሽ። ከዚያ ጨፋሪዎቹ ልጆች እስኪመጡ ደጃፉን እያዳመጥሽ ትጠብቂያለሽ። ዱላው መሬት ሲመታ፣ አውጪው ድምፁን ሲያነሣ፣ ተቀባዮቹ ሲያጅቡት፣ ልብሽ ደስ ይለዋል፤ ግን ቶሎ አትከፍቺም። ትንሽ ያሞግሱሽ እንጂ! የእኛ ጎረቤት ሙስሊሞች ናቸው፤ ልጃቸው አምና ከአጃቢዎቹ መሀል ነበር፣ ከሁሉም የሚያምረው ድምፅ የእሱ ነው። የእነሱ መቁጠሪያ በጨረቃ ስለሆነ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ዘንድሮ መውሊድ ጨረቃ ካልቀየረችው በቡሄ ማግሥት ሳምንት ይውላል። ያኔ ወደ እነሱ ቤት የመሄዱ ተራ የእኔ ልጆች ነው፤ ሰፈሩን ያውቁታል።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ በቅርቡ ደጃፍ ላይ ሙልሙሉ እየቀረ የብር ኖት ሆኗል። ለሰጪው ይቀላል። ልጁም ብር አይጠላም። ግን ብር ቀድሞ አይጋገርም፤ ማንም ሌሊት ተነሥቶ ብር አያቦካም።

ይህ በደንብ የገባኝ በ2015 ነው። ነሐሴ 7 ቀን እሑድ፣ የጽንሰታ ዕለት፣ ስሟ በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት በሆነው ከተማችን ላይ የአየር ጥቃት ደርሶ ሰው አለቀ። ስለዚያ ቀን እዚህ ብዙ አልጽፍም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስድስት ቀን ቆይቶ ቡሄ ሆነ። እናቴ ያኔ እኛ ቤት ነበረች። እንደ ልማዷ ሌሊት ተነሥታ አቦካች፣ ጋገረች። «እማዬ፣ ዘንድሮ ማን ይመጣል ብለሽ ነው?» ብላት «ልጅ ነው፣ አይታወቅም» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ በሩ ሥር ተቀመጠች። ጅራፍ አልጮኸም፤ የጮኸ ነገር ሁሉ ሰውን ያስደነግጥ ነበርና ወላጆች ከልክለዋል። ማንም አልመጣም። ሙልሙሉ መሶብ ውስጥ ሦስት ቀን አደረና ለጎረቤት ላም ተሰጠ።

እኔ እስከዚያ ድረስ ልጆች ዳቦ ፍለጋ የሚመጡ ይመስለኝ ነበር።

እህቴ ወረቀቷን ያዘጋጀችው ልጆቿ እንዳይሰለቻቸው ነው፤ እጇን ይባርከውና ጥሩ እናት ናት። የእሷ ወረቀት ላይ እናት ለልጅ ሥራ ትፈልጋለች። እናቴ ደጃፍ ላይ ግን ልጁ ካልመጣ ቀኑ ራሱ ይጎድላል። ልጅ እንዲህ መጠበቁን ሲያውቅ ደረቱ ይነፋል፤ አይቼዋለሁ። የእኔዎቹ ሶፋ ላይ የተጋደሙትም መቁጠሪያ አጥተው አይመስለኝም። በር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቃቸው ሰው ስላላዩ ነው፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ መሆን ያለብኝ፣ እኔም ስልኬ ላይ ነበርኩ።

ስለዚህ አንድ ዝናባማ ማታ፣ መብራት በሄደበት፣ ስልኮቹን ሰብስቤ መቁጠሪያውን ከግድግዳው አወረድኩት። ከልጅነቴ አባቴ በጣቱ ያሰላ የነበረውን የባሕረ ሐሳብ ሒሳብ አስታውሼ ሞከርነው። እናንተም ሞክሩት፣ ሻማና አንድ ደብተር ይበቃል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ። ለሚመጣው ለ2019 ስንደምር 7519 ሆነ። ለ4 ስናካፍል 1879 ደርሶ 3 ተረፈ። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው፤ ስለዚህ ዘመነ ሉቃስ፣ በመጨረሻውም ጳጉሜን 6 ትሆናለች። «አንድ ቀን በነፃ!» ብሎ ትንሹ ጮኸ። ያቺን 1879 ሊቃውንቱ መጠነ ራብዒት ይሏታል፤ መልሰን ከ7519 ጋር ደመርናት፣ 9398። ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ። እንቁጣጣሽ ዓርብ ይውላል! የሚመጣው ዓመት መቁጠሪያ ገና ስላልታተመ ማንም ቀድሞ አልነገራቸውም፤ ራሳቸው ናቸው ያወጡት። ከጳጉሜን በቀር ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው፤ ወር ባለፈ ቁጥር ቀኑ በሁለት ይገፋል። መስከረም 1 ዓርብ ከሆነ ጥቅምት 1 እሑድ፣ ኅዳር 1 ማክሰኞ። ትልቋ ልጄ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ የልደት ቀን ስታሰላ አመሸች። በማግሥቱ ሒሳብ የማይወደው ጓደኛዋ ደብተር ይዞ መጣ።

ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው፤ ዘንድሮ ማክሰኞ። ሰማይ የሚከፈትበት ቀን ይባላል፤ ያን ቀን የዘነበ ዝናብ ጠበል ነው። ልጅ ሁሉ ልብሱን ጥሎ ግቢ ለግቢ ይሯሯጣል፣ «ሩፋኤል አሳድገኝ» ይላል። እናቶች ዕቃ ደጅ ደርድረው ውኃውን ያጠራቅማሉ፤ እናቴ ሊጥ ውስጥ ጠብ ታደርገዋለች። ደመናው ሲያጉረመርምና መብረቅ ሲኖር ግን ልጆቹን አስገቡ፣ ወንዝም አይሂዱ፤ ላህ በክረምት ሲሞላ ቀልድ አያውቅም። አምና እኔም ወጣሁ። ነጠላዬን እንዳጣፋሁ፣ ጎረቤት እያየኝ። ውኃው ከመቅጽበት አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። ለሦስት ቀን ጉንፋን ያዘኝ፤ ልጆቼ ምንም አልሆኑም።

ከዚያ የሴቶች ልጆች ተራ ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ እንግጫ ይነቀላል። ከጎጃም ውጭ ላላችሁ፣ እንግጫ ጨፌ ላይ የሚበቅል ሣር ነው፤ ልጃገረዶች ተሰብስበው እየዘፈኑ ይነቅሉታል፣ ይጎነጉኑታል፣ ከአደይ አበባ ጋር ያስሩታል። በምሥራቅ ጎጃም በኩል አሁን በአደባባይ ይከበራል። በእኛ ቤት በአዲሱ ዓመት ጠዋት ምሰሶው ላይ ይታሰር ነበር፣ ሲደርቅም እስከ መስቀል ማንም አይነካውም። የእኔ ቤት ብሎኬት ነው፣ ምሰሶ የለውም። ትልቋ አምና የጎነጎነችውን ይዛ ቤቱን ሁለቴ ዞራ የምታስርበት አጣች። በመጨረሻ የአያቷ ወገብ ላይ አሰረችው። እናቴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት «በይ እንግዲህ፣ ምሰሶው እኔ ነኝ!» አለች፤ እንደታሰረላት ቡና አፍልታ፣ እንደታሰረላት ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

ይህን ሁሉ ትናንት ለእህቴ በድምፅ ላኩላት፤ በአንዴ አላለቀም፣ ሦስት ቁራጭ ሆነ። መልስ ሳይመጣ ቆየ። ማታ ደወለች። በሕንፃቸው ከእሷ ጋር ሦስት የኢትዮጵያውያን ቤት እንዳለ፣ ለሁለቱ እንደነገረች፣ ነሐሴ 13 ሙልሙል እንደምትጋግር፣ ልጆቿም በሦስቱም በር እንደሚሄዱ ነገረችኝ። ፎቅ ላይ ዱላ መምታት ይፈቀድ እንደሆነ አጣርታለች፤ ከመምሸቱ በፊት ከሆነ ግድ የለም ተብሏል። ከዚያ ትንሹ ልጄ ስልኩን ከእጄ ነጠቀና ጠየቃት፦

«አክስቴ፣ ጅራፍ በአውሮፕላን ይገባል?»

እሷም አላወቀችም። አየር መንገድ የሠራ ሰው ካለ ከታች ይጻፍልን፤ ቃጫው ተዘፍዝፏል።