ከዱቄቱ በፊት ጥላው

የጥብስ ቅጠል ከቅርንጫፍ ሊያባዛ ሞክሮ የደረቀበት የአዳማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሥር የሚያወጣው ዱቄት የት ይሸጣል?» ብሎ ነው። መጠየቁ ክፋት የለውም። ግን ከተማችን ዳር 51 ሜጋ ዋት፣ ቆይቶም 153 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም። ሥር የሌለው ቁራጭ በቅጠሉ የሚያጣውን ውኃ የሚተካበት የለውም፤ ያ ነፋስ ካገኘው ወዲያው ይጠወልጋል። ዱቄት ደግሞ ውኃ አያጠጣም።

ተክሉ ራሱ በጫፉና በለጋ ቅጠሉ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ይሠራል። ሆርሞኑ ወደ ታች ይወርዳል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቁርጡ ጋ ይጠራቀምና ሥር ያስጀምራል። የሚሸጠው ኢንዶል ቡቲሪክ አሲድ የዚሁ ዘመድ ነው። ለለጋ ቁራጭ ከመቶ 0.1 ገደማ፣ ለእንጨታማው እስከ 0.8 ያለበት ዱቄት ይበቃል። ሲበዛ ይጎዳል፤ ገበሬው ጤፍ ማሳ ላይ አረም የሚያጠፋበት ቱ ፎር ዲ እኮ ሰው ሠራሽ ኦክሲን ነው!

ናናና በሶብላ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሥር ያወጣሉ፤ ለእነሱ ገንዘብ አታውጡ። የወንጂ ሸንኮራም የሚተከለው በአገዳ ቁራጭ ነው፤ ሥሩ የሚወጣበት ነጥብ አንጓው ላይ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቅ ዱቄት አያሻውም። የጥብስ ቅጠል ግን እንጨታማ ነውና ዱቄቱ ያግዘዋል። ካላበበ ቅርንጫፍ ለጋውን ጫፍ ከአንጓው በታች ቁረጡ፤ የታችኛውን ቅጠል አራግፉ፤ ቁርጡን ብቻ ዱቄት አስነክታችሁ ትርፉን አራግፉት። አፈሩ ውኃ የማይቋጥር ይሁን፤ አካባቢያችንን የሞላው ፑሚስ የሚባለው ቀላል ድንጋይ ተፈጭቶ ለዚህ ግሩም ነው። በስስ ላስቲክ ሸፍናችሁ ጥላ ሥር አኑሩት፤ ፀሐይ ላይ ከተዋችሁት ላስቲኩ ውስጥ ይቀቀላል።

የሚገርመኝ ሙያው አጠገባችን መሆኑ ነው። ቆቃ ላይ ፍሎሬንሲስን የመሳሰሉ እርሻዎች ሥር ያላወጣ የአበባ ቁራጭ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይልካሉ። ቁራጩ ክብደቱ ቀላል ነው፤ አፈር የያዘ ተክል ማስገባትን ደግሞ እዚያ ሕጉ አጥብቆ ይገድባል። ስለዚህ ሥር የማስያዙ ሥራ፣ ከነትርፉ፣ ባሕር ማዶ ይቀራል። እዚህ ግን ለጓሯችን የሚሆን አንድ ፍሬ የጥብስ ቅጠል ችግኝ ፍለጋ እንንከራተታለን። በእኔ እምነት እነዚህ እርሻዎች ላይ ቁራጭ መቁረጥ የለመደ እጅ ያላት ሴት፣ ጥላና ውኃ ካገኘች፣ ችግኝ ሸጣ ማደር አያቅታትም።

ቆቃም ሆነ ባቱ እርሻ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ቁራጩን በስንት አንጓ እንደምትቆርጡና እንዴት እንደምትይዙት ከታች ጻፉልን።