ራስና እግር የሌለው ዱላ

ዱላ ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። ያደግኩት ጎጃም ነው፤ ከበራችን ኋላ የአያቴ ሽመል፣ የአባቴ ከዘራ፣ እኛ ልጆቹ ከብት የምንነዳባቸው አርጩሜዎች ተደግፈው ይቆሙ ነበር። ለትምህርት ጃፓን፣ ፉኩኦካ በገባሁ በሁለተኛው ወር አንድ ጃፓናዊ የክፍል ጓደኛዬ «ማክሰኞ ማታ ዱላ የሚማሩ ሰዎች አሉ፣ ትመጣለህ?» ሲለኝ በሆዴ ሳቅሁ። ዱላ ደግሞ ይማሩታል?

የሄድነው የሰፈሩ የስፖርት አዳራሽ ነው። ግማሹን ኬንዶ የሚሉትን የጎራዴ ጥበብ የሚለማመዱ ሕፃናት ይዘውት ጣሪያው እስኪነቃነቅ ይጮሃሉ። የእኛዎቹ በአንዱ ጥግ ሰባት ሆነው በባዶ እግር ቆመዋል፤ አብዛኞቹ ፀጉራቸው ሸብቷል። መምህሩ ከሰባ ያለፉ፣ ቀጫጫ፣ ቁመታቸው ትከሻዬ ላይ የሚቀር ሰው ናቸው። ሁሉም «ሰንሰይ» ይሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው አልኩ። አንድ ዱላ አቀበሉኝ። አገላበጥኩት፣ ራሱን ፈለግሁ።

«መያዣው የቱ ጋ ነው?» አልኳቸው በዚያ በተሰባበረ ጃፓንኛዬ።

ሰንሰይ ሳቁና ሁለቱንም ጫፍ በተራ አሳዩኝ። ልዩነት የለውም። ርዝመቱ 128 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድቡልቡል ጠንካራ እንጨት ነው። ብረት የለው፣ ጉጥ የለው፣ ቆልማማ የለው። ስሙ «ጆ» ነው፤ ጥበቡም «ጆዶ»። ሲወጉበት ጦር፣ ሲመቱበት ጎራዴ፣ ሲጠርጉበት ናጊናታ የሚሉት ባለ ረጅም እጀታ ስለት ይሆናል። አሁን ጫፍ የነበረው ወዲያው መያዣ ነው፤ እጅ ካልፈጠነ ግን እንጨት ሆኖ ይቀራል።

የመጀመሪያውን ምሽት የጨረስኩት እጅ መንሣትና አንድ አመታት ስማር ነው። ሆንቴ ኡቺ ይባላል። በሚቀጥለው ማክሰኞም ሆንቴ ኡቺ። በሦስተኛውም። ችግሬ እጄ ነበር። እኛ ዱላ ስንይዝ እንጨብጣለን፣ ከትከሻ አንሥተን እናወርዳለን፣ አለቀ። እዚህ አንደኛው እጅ እንጨቱን ይዞ ሌላው በላዩ መንሸራተት አለበት። የእኔ አይንሸራተትም፤ በላብ ተጣብቆ ይቀራል። አንድ ቀን በግድ ላንሸራትት ስል የገዛ ጆሮዬን አገኘሁት። ሕፃናቱ ኬንዶአቸውን አቁመው አዩኝ። ሰንሰይ ጆሮዬን በጥንቃቄ መረመሩና ያችን ቃላቸውን አሉ፦ «ሞ ኢካይ።» ደግመህ። እነዚህን ሁለት ቃላት በዚያ ክረምት የሰማኋቸውን ያህል ስሜን አልሰማሁም።

መሠረታዊዎቹ እንቅስቃሴዎች 12 ናቸው። መጀመሪያ ብቻህን አየሩን ትመታለህ፣ ከዚያ የእንጨት ጎራዴ ከያዘ ሰው ጋር ያንኑ ትደግማለህ። ሁሉንም እዚህ አልዘረዝርም፤ ያንገላታኝ ግን አንዱ ነው፦ ሂኪ ኦቶሺ ኡቺ። ባላንጣህ ጎራዴውን ፊትህ ዘርግቶ ቆሟል። ዱላህን በጎንህ ወደ ኋላ ስበህ፣ መልሰህ ወደ ፊት አውርደህ ጎራዴውን ከመንገድህ ታስወግዳለህ። ወጣት ነኝ፣ ጉልበት አለኝ ብዬ አወረድኩት። ቋ! አዳራሹ አስተጋባ፤ ጎራዴው ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። የእኔ እጅ እስከ ክርን ነዘረው። ቦታ ተለዋወጥን። የሰንሰይ ዱላ ድምፅ ያሰማ አይመስልም፤ የእኔ ጎራዴ ግን ቁልቁል ወርዶ ጉልበቴ አጠገብ ነበር። እንዴት እንደሄደ አላየሁም።

ጩኸቱም ነበረ። ሲመቱ «ኤይ!» ይላሉ፤ ሲወጉ ደግሞ «ሆ!»። ጃፓኖቹ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው «ሆ!» ሲሉ እኔ ከንፈሬን ነክሼ እቆማለሁ። ቡሄ ማታ በዱላ መሬት እየደበደብን «ሆ» ያልንባቸው ደጆች፣ ሙልሙሉ፣ የጅራፉ ጩኸት ይመጣብኛላ! ለማን ላስረዳው? በኋላ ግን ጠቀመኝ። ሌሎቹ ጀማሪዎች መጮህ ሲያፍሩ እኔ በልጅነቴ የተማርኩትን «ሆ» ከሆዴ አወጣሁት፤ ሰንሰይም ለመጀመሪያ ጊዜ አንገታቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

የጥበቡን አመጣጥ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ከልምምድ በኋላ ወለሉን በጨርቅ እየወለወልን (ወለሉን የማይወለውል የለም፣ ሰንሰይም ጭምር)። ከ400 ዓመት በፊት ሙሶ ጎንኖሱኬ የሚባል ተዋጊ በጎራዴ ስሙ ከገነነው ከሚያሞቶ ሙሳሺ ጋር ገጥሞ ተሸነፈ። ሙሳሺ አልገደለውም። ጎንኖሱኬ ውርደቱን ይዞ ብዙ ተንከራተተና በመጨረሻ ከፉኩኦካ አቅራቢያ ዳዛይፉ ያለው ሆማን ተራራ ላይ ሱባኤ ገባ። እንደ ወጉ፣ በ37ኛው ቀን በሕልሙ አንድ ልጅ ታይቶ በድቡልቡል እንጨት ሱይጌጹን እንዲያውቅ ነገረው። ቃሉ ሲጻፍ «የውሃ ጨረቃ» ነው፤ በሰውነት ላይ ሲሆን ደግሞ ከደረት አጥንት ሥር ያለችው፣ ሲነኳት ትንፋሽ የምትቆርጠው ለስላሳ ቦታ ናት። ጎንኖሱኬ ከጎራዴ የሚረዝም ዱላ ሠራ። ጥበቡ የፉኩኦካ ገዢዎች በነበሩት በኩሮዳዎች ቤት ለዘመናት ሲወርድ ቆይቶ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሺሚዙ ታካጂ የተባሉ መምህር ቶኪዮ ወስደው ለፖሊሶች አስተማሩት።

ተራራውን ወጥቼዋለሁ። ከፍታው 829 ሜትር ነው ሲሉኝ እኔ የደጋው ሰው ናቅሁት። የድንጋይ ደረጃው ግን ንቀቴን ከጉልበቴ ላይ አወራረደ።

ወደ «ካታ» ያለፍኩት በስድስተኛው ወር ገደማ ነው። ካታ ማለት ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ጎራዴ ሌላው ዱላ ይዘው፣ ማን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ተወስኖ የሚገጥሙት ነው። የጃፓን ኬንዶ ፌዴሬሽን በ1968 እ.ኤ.አ. ለሁሉም የሚሆኑ 12 ካታዎች ደንግጓል። የመጀመሪያው ጹኪዙኤ ይባላል፤ ዱላውን እንደ ሽማግሌ ምርኩዝ መሬት ላይ አቁመህ ትጠብቃለህ። ባለ ጎራዴው ይመጣል፣ ራስህን ሊፈልጥ ያነሣል። አንተ ትንሽ ገለል ትልና የእጁን አንጓ ትመታለህ። ሁለተኛው ሱይጌጹ ነው፦ ገለል ብለህ እዚያች የውሃ ጨረቃ ላይ ትወጋለህ።

በዱላ እና በጎራዴ ካታ የሚሸነፈው ባለ ጎራዴው ነው። ጎራዴውን የሚይዘው ደግሞ ታላቁ፣ መምህሩ። ይህን ስረዳ ግራ ገባኝ። እኔ ባደግኩበት መምህር ሲሸነፍ አይታይም። ሰንሰይ ግን በየማክሰኞው እየመጡ፣ ለእኔ ለጀማሪው ከምር ይሰነዝራሉ፣ እኔም አንጓቸውንና ደረታቸውን አገኛለሁ። ስዘገይ ጎራዴአቸው ግንባሬ ላይ፣ ፀጉሬን ነክቶ ይቆማል። ብዘገይም አይቆጡም፤ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። በአንድ ምሽት ስንት ጊዜ እንደተሸነፉልኝ መቁጠር ጀምሬ አርባ ላይ ተውኩት። ከአዳራሹ ስወጣ የእሳቸው አንጓ ላይ ሰማያዊ ምልክት አየሁና ይቅርታ ልጠይቅ ጎንበስ ስል እጅጌአቸውን ሳብ አድርገው ሸፈኑት።

በክረምት እረፍቴ አገር ቤት ስመጣ ዱላዬን ይዤ መጣሁ። አጎቴ ጋሼ ሚዛኑን በመዳፋቸው ለኩ፣ ጫፎቹን አዩ።

«ለሽመል አጥሯል፣ ለከዘራ ረዝሟል። ራሱስ?»

«የለውም ጋሼ።»

«እስኪ ምን ያደርጋል?»

ሽመላቸውን ፊት ለፊቴ እንዲዘረጉልኝ ለመንኳቸው። ዱላዬን በጎኔ ስቤ አወረድኩት። ቋ! ደጁ ላይ የነበሩት ዶሮዎች ተበተኑ። ሽመሉ ካለበት አልተነቃነቀም፤ የእኔ እጅ እስከ ክርን ነዘረው።

«ሞ ኢካይ» አልኩ ሳላስበው።

«ምን አልክ?»

«ደግሜ ልሞክር ጋሼ።»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ሽመሉን እንደገና ዘረጉልኝ።