«ፌስታል አልፈልግም» ለማለት ማን ይቅደም?

በሰፈራችን የፌስታል አጠቃቀምን ለመቀነስ በተጀመረው የበጎ ፈቃድ ሥራ ከገባሁ ወዲህ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። «ሀገር እንዲህ ሆና ስለ ፌስታል ማውራት ምን ይባላል?» ጥያቄው ከክፋት እንዳልመጣ አውቃለሁ። በእነዚህ ዓመታት ባሕር ዳር ላይ የኖረ ሰው ሁሉ ልቡ ከብዶታል። ግን ጣና የእኛ ነገር እስኪስተካከል ቆሞ አይጠብቅም። ክረምት በገባ ቁጥር ከየሰፈሩ የሚወርደው ጎርፍ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ወደ ሐይቁ ይዞ ይገባል። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው፤ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢበልጥም ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በየክረምቱ የደጋውን አፈር ያመጡለታል፤ ከተማችን ደግሞ የራሷን ትጨምርበታለች። ባሕር ዳር የተቀመጠችው ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አፍ ላይ ነው። ከእጃችን ወድቆ ውኃ የገባ ፌስታል ወይ ዳር ላይ ደንገል ውስጥ ተወትፎ ይቀራል፣ ወይ የጨረጨራን ግድብ አልፎ ወደ ጢስ ዓባይ ይወርዳል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት የመዘገበው፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች የሚኖሩበት ውኃ ነው እንግዲህ ይህ።

ዳር ዳሩን ስናጸዳ ያየሁትን ልንገራችሁ። ያ ጥቁሩ ስስ ፌስታል ከደንገል ሥር ሲሳብ ሙሉውን አይወጣም። ደለል ሞልቶት ከብዷል። ጫፉን ይዛችሁ ስትጎትቱት ይበጠሳል፤ ቁራጩ እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ ሌላው ከሥሩ ጋር ተጠላልፎ ጭቃው ውስጥ ይቀበራል። ጠበቅ አድርጌ ልሳበው ካላችሁ ደንገሉም አብሮ ይነቀላል። ደንገል ደግሞ ዝም ብሎ ሣር አይደለም። የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ታንኳቸውን የሚሠሩት ከእሱ ነው፤ ጫጩት ዓሣ የሚሸሸገውም እዚያው ነው። ፌስታሉን ለማውጣት ደንገሉን መንቀል ማለት ሐይቁን ለማዳን ብሎ ሐይቁን መጉዳት ነው። አንዴ ውኃ ከገባ በኋላ ንጹሕ መፍትሔ የለም።

ይህን ከእንቦጭ አረም መማር ነበረብን። እንቦጭ ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ታየ። ከዚያ በኋላ ስንት ሰው ከስንት ቦታ መጥቶ ውኃው ውስጥ እየገባ በእጁ ነቀለ! በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረውን ያን ትልቅ ዘመቻ የሚረሳው የለም። እኔ በዚያ ሕዝብ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። አረሙ ግን ተመልሶ በቀለ፤ ምክንያቱም የሚመግበው ነገር ከላይ ከእርሻውና ከከተማው መውረዱን አላቆመም። ለሚታይ ጠላት ሆ ብሎ መውጣት እናውቅበታለን። ፌስታል ግን ሆ ተብሎ አይሸነፍም። ፌስታል የሚሸነፈው ማንም በማያየን ሰዓት፣ ቲማቲም ስንገዛ ነው።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፌስታሎችን ማምረትም ማስገባትም ከልክሎ ነበር። ስሱ ፌስታል ግን ከዚያም በኋላ ከገበያ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ጠንከር ብሎ፣ ፌስታል ይዞ የተገኘ ግለሰብ ሳይቀር ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንዲቀጣ ደንግጓል። ሕግ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ባንግላዴሽ ፌስታል የጎርፍ መውረጃዋን እየደፈነ ከተሞቿን በጎርፍ ሲያስጨንቅ በ2002 እ.ኤ.አ. ከዓለም ቀድማ አግዳ ነበር። ቁጥጥሩ ሲላላ፣ በቂ ምትክም ሳይቀርብ ሲቀር ፌስታሉ ተመልሶ ገበያውን ሞላው። ሕግ በሩን ይከፍታል፤ ገብቶ ቤቱን የሚያጸዳው ግን ሰው ነው።

የእኔ ፍርሃት ቅጣቱ ከማን ይጀምራል የሚለው ነው። እኛ ሥራውን ስንጀምር መጀመሪያ የሄድነው ወደ ጉልት ነበር። እናቶችን «ፌስታል አትስጡ» ልንል። አንዷ እናት ሽንኩርታቸውን እየደረደሩ የመለሱልኝን እነሆ፦ «ልጄ፣ እኔ ፌስታሉን በገንዘቤ ነው የምገዛው። ካልሰጠሁ ደንበኛዬ ወደዚያችኛዋ ይሄዳል። እስኪ አንተ ለገዢው ንገረው።» ከዚያ በኋላ ነገሩን ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ነጻ የሚመስለን ፌስታል ነጻ አይደለም፤ ዋጋው ከዚያች ቀጭን ትርፋቸው ላይ እየተቆረጠ ነው። በእጃቸው ሌላ አማራጭ የሌላቸውን ሰዎች ልናስተምር ሄደን ነበር። አማራጩ የነበረው ባዶ እጃችንን ገበያ የምንወጣው እኛ ዘንድ ነው።

ስለዚህ ሥራችንን ወደ ገዢው አዞርነው። የእድር እናቶች ከአሮጌ ጨርቅና ከታጠበ ማዳበሪያ ከረጢት መስፋት ጀመሩ። ማዳበሪያም ፕላስቲክ ነው የሚል አይጠፋም፤ እውነት ነው፣ ግን ዓመት ያገለግላል እንጂ ከገበያ ቤት እስኪደርስ ብቻ አይደለም። ተማሪዎች ከየቤቱ የተሰቀለውን ዘንቢል አስወረዱ። ሻጮችን የጠየቅናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገዢው ሳይጠይቅ ፌስታል እንዳይዘረጉ። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ተቀበሉን፤ ወጪ ይቀንስላቸዋላ!

ሁሉም ቀላል ነው አልልም። ሽንኩርትና ድንች ዘንቢል ውስጥ ይገባል፤ የተበለተ የቆሮሶ ዓሣስ? ቅቤስ? ሥጋስ? ለእነዚህ ክዳን ያለው ዕቃ ከቤት ይዞ መምጣት ነው እንጂ ሌላ መላ አላገኘንም፤ ይህን ደግሞ ከሥራ በቀጥታ ገበያ ለሚገባ ሰው መናገር ቀላል፣ መፈጸም ከባድ ነው። ቢሆንም እናቶቻችን ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው፣ እህል በስልቻ ይዘው ያለ ፌስታል ኖረዋል። እኛን የጎደለን ዕቃ ሳይሆን ከቤት ስንወጣ የማሰብ ልማድ ነው።

እንግዲህ ማን ይቅደም ለሚለው የእኔ መልስ፣ መግዛት የቻለ ይቅደም ነው። የጉልቷን እናት አናስቀድም። ሚዛኑ ላይ ዕቃው ሳይወጣ፣ የሻጯ እጅ ወደ ፌስታሉ ሳይሄድ «ይዣለሁ እማማ፣ እዚህ ይጨምሩልኝ» በሉ። ፌስታሉ ከተዘረጋ በኋላ መመለስ ያሳፍራል፤ ቀድሞ መናገር ግን ምንም አይከብድም።

በዚህ ሳምንት ቅዳሜ ገበያ የምትወጡ ሁሉ ዘንቢል ወይም ከረጢት ይዛችሁ ውጡ። ጎረቤታችሁንም አስታውሱ። የእድር ስብሰባ ካላችሁ አጀንዳ አስይዙት። ባሕር ዳር ያላችሁም፣ ጎርጎራ፣ ዘጌ፣ ደልጊ ያላችሁም፣ በየሰፈራችሁ የሠራላችሁንና ያልሠራላችሁን ከታች ጻፉልን። በተለይ ለዓሣና ለሥጋ መላ ያገኛችሁ ንገሩን፤ እኛም ሞክረን ውጤቱን እዚሁ እናሳውቃችኋለን።