በአገው ምድር ጥቂት ቀን፤ አንድ ዓመት ስለ መቈየት የተደረገ ምክር

አገርን መጐብኘት ዓይንን ከማስደሰቱ በላይ ሌላም ጥቅም አለው። ሰው በቤቱ ተቀምጦ ሊፈታው ያልቻለውን ነገር፥ ብዙ ሰውና ብዙ ሥራ እያየ ሲሄድ በመንገድ ላይ የሚፈታበት ጊዜ አለ። እኔም በጥር ወር 2015 ዓመተ ምሕረት በጎጃም ወዳለው ወደ አዊ ዞን የሄድሁት በሁለት ጕዳይ ነበር። አንደኛው በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ከተማ የሚከበረውን የፈረሰኞች በዓል ለማየት ነው። ሁለተኛው ግን በዳንግላ የምትኖረው ታናሽ እኅቴ ስለ ልጇ ነገር ለምክር ስለ ጠራችኝ ነው።

ነገሩም እንዲህ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ጥር 19 ቀን በተነገረ ጊዜ፥ ከተፈተኑት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነው ተገኙ። የእኅቴ ልጅ ከነዚህ ከጥቂቶቹ አንዷ ሆነች። ቤቱ በእልልታ ከተሞላ በኋላ ግን ልጅቱ «ዘንድሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ አልሄድም፤ አንድ ዓመት ከቤት ልቈይ» ብላ ተናገረች። አባቷ እሺ አሏት፤ እናቷ እንቢ አለች። ስለዚህ የደስታው ቤት በሦስት ቀን ውስጥ የክርክር ቤት ሆነ።

ከአዲስ አበባ እስከ እንጅባራ ያለው መንገድ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዓባይን በረሓ ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ መንገደኛ፥ ደብረ ማርቆስንና ቡሬን አልፎ ወደ ጥሊሊ በቀረበ ጊዜ፥ አየሩ እየቀዘቀዘ ምድሩም እየለመለመ ይሄዳል። ከእንጅባራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀር ከመንገዱ አጠገብ የዘንገና ሐይቅ ይገኛል። ይህ ሐይቅ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ በከፈተው ጕድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው፤ ዙሪያው በዛፍ የተከበበ፥ ክብ የሆነ፥ ጸጥ ያለ ነው። ከዳር ሆኖ ለሚያየው ሰው እንደ ኩሬ ይመስለዋል፤ ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር ያህል መሆኑን የለኩት ሰዎች ጽፈዋል። እኔም ከዳሩ ቆሜ፥ ጸጥ ብሎ መቀመጥ ሁሉ ባዶነት እንዳልሆነ አሰብሁ። ነገር ግን ይህ አሳብ ልጅቱን የሚጠቅም ምክር ይሁን ወይም የሚያሰንፍ፥ ገና አላወቅሁም ነበር።

እንጅባራ ቀድሞ ኮሶበር የሚባለው ከተማ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው ብርዱ ይበረታል። በመንገዱ ዳር ከቀርከሃ የተሠራ ወንበርና አልጋ ተደርድሮ ይሸጣል። ከተማው የአዊ ዞን ዋና ከተማ ከመሆኑም ሌላ፥ ከ2010 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ተማሪ የሚቀበል የራሱ ዩኒቨርሲቲ አለው።

ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቹ ከየወረዳው መጡ። ማኅበራቸው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ይባላል፤ የተመሠረተውም በ1932 ዓመተ ምሕረት፥ ፈረስ በዓድዋ ጦርነት ለዋለው ውለታ መታሰቢያ እንዲሆን ነው። ያን ጊዜ ጠላት ገና አልወጣም ነበርና መታሰቢያው የድፍረት ሥራ ነበረ። በሚከተለው ዓመት፥ በ1933፥ የኢጣልያ ጦር ዳንግላንና እንጅባራን ለቅቆ ሄደ።

በሜዳው ዳር አጠገቤ ተቀምጠው ከነበሩት አንዱ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ መምህር ነበሩ። የመጣሁበትን ነገር በነገርኋቸው ጊዜ ከልብ ሰሙኝና የራሳቸውን ታሪክ ነገሩኝ። በ1967 ዓመተ ምሕረት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳሉ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀ። ታኅሣሥ 12 ቀን በተጀመረው በዚያ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚሆኑ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። እርሳቸውም ለገበሬ ፊደል አስቈጠሩ፤ የካቲት 25 ቀን የወጣውንም የመሬት ዐዋጅ አስረዱ።

«ያ ዘመን አገሬን አሳወቀኝ፤ መምህር የሆንሁትም ስለ እርሱ ነው። ነገር ግን አብረውኝ ከዘመቱት መካከል ወደ ትምህርት ያልተመለሱ ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ሞተ፤ አንዳንዱ ተሰደደ፤ አንዳንዱም ደብተሩ ስለ ቀዘቀዘበት ብቻ ቀረ። ዓመቱን የሰጠን ሌላ ሰው ነበረና የሚያልቅበትንም ቀን እኛ አናውቅም ነበር» አሉኝ። ቀጥለውም በሜዳው ወደሚሰግረው ፈረስ እያመለከቱ፥ «ግልገሉን ፈረስ ያለ ጊዜው የሚጭነው ሰው ወገቡን ይሰብረዋል፤ በጋጣ አስሮ የሚያቈየውም ሰው እግሩን ያሰንፈዋል። ዋናው ነገር ባለቤቱ ጊዜውን ማወቁ ነው» አሉ።

በማግሥቱ ወደ ዳንግላ ጕዞ ጀመርን። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከሉም የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ አዲስ ቅዳም ይገኛል። በዚህ ወረዳ መንገደኛ የሚያየው ነገር የዲከረንስ ዛፍ ነው። የወረዳው አፈር አሲድ ስለ በዛበት እህሉ እየቀጨጨ ሄዶ ነበር። ገበሬዎቹም ይህን ዛፍ ተከሉ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራሉ፤ በሁለተኛው ዓመት ለከብት የሚሆን ሣር ያጭዳሉ፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቈርጠው ከሰል አክስለው ይሸጣሉ፤ ከዚያም ባረፈው መሬት ላይ እንደ ገና ይዘራሉ።

ከሰል በሚከመርበት ስፍራ ያገኘሁትን አንድ ገበሬ፥ «ይህን ያህል ዓመት መሬታችሁን ጦም ስታሳድሩ አትፈሩም?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም ሣቅ ብሎ፥ «ጌታዬ፥ ይህ ጦም ያደረ መሬት አይደለም። ጦም ያደረ መሬት አረም የሚያበቅል ነው። ይህስ የሚሠራውን ያውቃል፤ የሚቈረጥበትንም ዓመት እናውቃለን» ሲል መለሰልኝ። በፈረሱ ሜዳ መምህሩ የነገሩኝን ቃል ይህ ሰው በሌላ አነጋገር ደገመልኝ።

ዳንግላ የቈየ ከተማ ነው። ከ1925 እስከ 1934 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ሚስተር ቺዝማን ይቀመጥ የነበረው በዚህ ነው፤ ከዚህም እየተነሣ የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ መርምሮ መጽሐፍ ጽፏል። በገበያው አማርኛና አዊኛ ተቀላቅሎ ይሰማል።

በማታ ቡና ተፈልቶ ሁላችንም ተቀመጥን። ልጅቱ አሳቧን እንድትናገር ባዘዝኋት ጊዜ አንገቷን ደፍታ እንዲህ አለች፤ «ጋሼ፥ እኔ ትምህርት ጠልቼ አይደለም። በ2012 በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋብን፤ ከዚያም ጦርነት መጣ፤ ከዚያም ፈተናው ዘገየ። ደክሞኛል። ምን እንደምማርም ገና አላወቅሁም። አባቴም ታመዋል፤ ዛፋችን በመጪው ዓመት ይቈረጣል፤ የሚያግዛቸው የለም።» አባቷም ቃሏን ደገፉ። እናቷ ግን እንዲህ አለች፤ «የወንድ ልጅ ዓመት እንደ ተቀመጠ ይቈያል። የሴት ልጅ ዓመት ግን ሽማግሌ ይላክበታል። አንድ ዓመት ብላ ተቀምጣ፥ ልጅ አዝላ የቀረች ስንት አለች!»

በዚያ ቤት ሌላም ተማሪ ነበረ። የአባቷ ወንድም ልጅ ግማሹን ነጥብ ሳያገኝ ቀርቶ፥ ስለ ውጤቱ አፍሮ በማእዘን ተቀምጦ ነበር። እርሷ ልትመርጥ የምትሻውን ዓመት እርሱ ሳይመርጥ ተሸክሞታል።

እኔም ያየሁትንና የሰማሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። በእንግሊዝ አገር ተማሪ ለዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲገባ አስቀድሞ መጠየቅ ይችላል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት የኦባማ ሴት ልጅም በ2016 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ሃርቫርድ ከመግባቷ በፊት አንድ ዓመት ቈይታለች። በዴንማርክ ከ1844 ጀምሮ ፈተና የሌለባቸው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ወጣቱም መንገዱን እስኪያውቅ ድረስ በዚያ ይሰነብታል። በእኛም አገር፥ በዚሁ በጎጃም፥ ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ ይዞ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ ይሄድ የነበረው የቆሎ ተማሪ ዓመት አይቈጥርም ነበር። ስለዚህ መቈየት በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን የቆሎ ተማሪ ዘግይቶ ቢመለስም የቅኔው መምህር በሩን አይዘጋበትም፤ የዛሬ ዩኒቨርሲቲ ግን በቀን የተወሰነ መዝገብ አለው።

ከዚህ በኋላ ልጅቱን ሦስት ነገር ጠየቅኋት። በዚያ ዓመት ሰኞ ጧት ተነሥተሽ የምትሠሪው ምንድን ነው? ቦታሽን የሚጠብቅልሽ ማን ነው? ዓመቱ አለቀ ብሎ የሚነግርሽስ ማን ነው? ለመጀመሪያው መልስ ነበራት፤ አባቷን ታግዛለች። ለሁለተኛው ግን መልስ አላገኘችም። በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪን የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ስለ ሆነ፥ የሬጅስትራርን የጽሑፍ ፈቃድ ሳይዝ የቀረ ሰው ቦታዬ ይጠብቀኛል ብሎ መታመን አይገባውም። ሦስተኛውን ጥያቄ ስትሰማ ወደ እናቷ ተመለከተችና ዝም አለች።

ደግሞም ልጅቱ የምትፈልገው ዕረፍት ከፊሉ በትምህርቱ ውስጥ እንዳለ አስረዳኋት። ከ2012 ዓመተ ምሕረት ወዲህ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ብዙ የጋራ ትምህርት የሚሰጥበት ስለ ሆነ፥ የሙያ ክፍሏን ዛሬውኑ መቍረጥ አያስፈልጋትም። በመጨረሻም እንድትመዘገብ፥ ክረምት ሲሆን ወደ ቤት ተመልሳ አባቷን እንድታግዝ፥ የዛፉንም ሥራ ያ የወንድም ልጅ እንዲይዝ፥ እርሱም ማታ ማታ እያጠና ፈተናውን እንደ ገና እንዲቀመጥ ተስማማን። አባቷም ጥቂት ካሰቡ በኋላ፥ «ለእኔ ብላ ከቀረች እዳዋ በእኔ ላይ ይሆናል፤ ትሂድ» አሉ።

ልጅቱ ከቤቷ ወደሚርቅ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ሄደች። ነገር ግን የተስማማነው ሁሉ አልተፈጸመም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ግጭቱም መንገዱን ስለ ዘጋው በዚያ ክረምት ልትመለስ አልቻለችም። አባቷ ዛፉን ያስቈረጡት በወንድማቸው ልጅ እጅ ነው። በ2016 የክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሳይጠሩ ለወራት ዘገዩ፤ ብዙ ትምህርት ቤትም ተዘጋ። ብትቈይ ኖሮ የመረጠችው አንድ ዓመት ባልመረጠችው ዓመት ይተካባት ነበር። ይህን ግን እኛ በዚያች ማታ አላወቅነውም፤ ስለዚህ በጥበባችን ልንመካበት አይገባም። እኅቴም በስልክ ባነጋገርኋት ጊዜ፥ «ደኅና አደረግን፤ ቢሆንም ቤቱ ሰፋብኝ» አለችኝ።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፥ ልጃችሁ «አንድ ዓመት ልቈይ» ያላችሁ እንደ ሆነ አትቈጡት፤ ፈጥናችሁም እሺ አትበሉት። መሬቱ ጦም የሚያድር ነው ወይስ የሚያርፍ? ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁት። የሚሠራውን ሥራ፥ የሚመለስበትን ቀንና ቦታውን የሚያስጠብቅለትን ወረቀት ካሳያችሁ ይቈይ። ከሦስቱ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ ግን፥ ስንቁን አሲዛችሁ መርቃችሁ ስደዱት።