ኩፖን ይዞ መሰለፍ ያዋጣል?



«ዘይት መጥቷል» የሚለው ወሬ በአንድ ግቢ ውስጥ ሲሰማ ምን እንደሚከተል ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የተጣደው ድስት ይወርዳል፤ ነጠላ ካለበት ይነሣል፤ ኩፖኑ ከተቀመጠበት የብስኩት ቆርቆሮ ይወጣል፤ ባዶ ጄሪካን ይፈለጋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሰልፍ ነው። በዚህ ሰልፍ ውስጥ ወንዶች የሉም አይባልም፤ ነገር ግን እነሱን ለመቁጠር የሁለት እጅ ጣቶች ይበቃሉ።

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ጥያቄ ይህ ሁሉ ድካም ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ነው። ጥያቄውን በሥራ ቦታና በጉርብትና ባነሣሁ ቁጥር የማገኘው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዶቹ «ኩፖን ባይኖር ቤታችን በምን ይቆም ነበር?» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ለአምስት ሊትር ዘይት ብዬ ቀኔን አላቃጥልም፤ ጨምሬም ቢሆን ከሱቅ እገዛለሁ» ይላሉ። በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች ሒሳቡን እስከ መጨረሻው አልሠሩትም ባይ ነኝ።

ነገሩ በእኛ ዕድሜ የተጀመረ አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን የቀበሌ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ቆይቶም በየቀበሌው የኅብረት ሱቅ ተከፈተ። ጤፉ፣ ስንዴው፣ ስኳሩና ሳሙናው በቤተሰብ ቁጥር እየተመደበ በካርድ ይታደል ነበር። እናቴ ስታወራ እንደምሰማው፣ ያን ጊዜ የቀበሌ ካርድ ከወርቅ ጌጥ ባላነሰ ጥንቃቄ ይቀመጥ ነበር። በ1982 ዓ.ም. የእህል ንግድ ነፃ ሲለቀቅ የዚያ ካርድ ነገር እየተረሳ ሄደ። በ2003 ዓ.ም. ግን የኑሮ ውድነቱ ሲብስ መንግሥት በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ጣሪያው ከአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ በዚያው ዓመት ቢነሣም፣ ስኳርና የምግብ ዘይት በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል በተወሰነ ዋጋ መታደላቸው ቀጠለ። እናቶቻችን ይዘውት የነበረው ካርድ በሌላ መልክ በእኛ እጅ ገባ ማለት ነው።

እስቲ አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ወር ሙሉ ለዘይት የተመላለስኩበትን ሰዓት በማስታወሻ ደብተሬ ላይ እየጻፍኩ ቆየሁ። በመጀመሪያው ቀን «መኪናው መንገድ ላይ ነው» ተባልን። በሁለተኛው ቀን ዘይቱ ደርሶ ነበር፤ የሚመዘግበው ሰው ግን ስብሰባ ገብቷል ተባለ። በሦስተኛው ቀን ተራዬ ሊደርስ አሥራ አንድ ሰው ሲቀር ዘይቱ አለቀ። በአራተኛው ቀን አገኘሁ። የአራቱ ቀን ሰዓት ሲደመር ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ለታክሲ የወጣው ደግሞ 40 ብር ነው።

በኩፖን ዋጋና በመደብር ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት በየጊዜውና በየሰፈሩ ስለሚለያይ፣ ለስሌት እንዲመቸን በሊትር 40 ብር ነው እንበል። ለአምስት ሊትር 200 ብር ተረፈ ማለት ነው። የታክሲው 40 ብር ሲቀነስ 160 ብር ይቀራል። ይህ ለስምንት ሰዓት ሲካፈል የእያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ 20 ብር ይሆናል። ያው ዘይት በአንድ ምልልስ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቢገኝ ኖሮ ግን የታክሲው 10 ብር ተቀንሶ ለአንዱ ሰዓት 95 ብር ይደርስ ነበር። ኩፖኑ ያው ነው፤ ዘይቱም ያው ነው። የተለወጠው የምልልሱ ብዛት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ባል ወይም ወንድም ከሥራ ቀርቶ ቢሰለፍ «የአንድ ቀን ደመወዝ ተቃጠለ» ይባላል። እናት ስትሰለፍ ግን «ቤት ነው የዋለችው» ይባልና ሰዓቷ ከሒሳብ ውስጥ አይገባም። ሰዓታችን በነፃ የተገኘ ስለሚመስል ነው ኩፖን ሁልጊዜ የሚያዋጣ የሚመስለው።

የጎረቤቴን ሁኔታ ተመልከቱ። እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች በማስረከብ አራት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ሰልፍ በዋለችበት ቀን የቦካው ሊጥ ይኮመጥጣል፤ እንጀራ የሚጠብቀው ምግብ ቤትም ሌላ ጋጋሪ ይፈልጋል። አንድ ቀን ማስታወሻዬን አሳይቼ «እትዬ፣ ይህ ለእርስዎ ኪሣራ አይሆንም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። ፈገግ አለችና «አየሽ ልጄ፣ አንቺ ሰዓቱን ትቆጥሪያለሽ፤ እኔ የምቆጥረው ሌሊቱን ነው። ዘይቱ ጓዳ ውስጥ መኖሩን ሳውቅ እንቅልፍ ይወስደኛል። ነገ ዋጋው ስንት እንደሚገባ ማን ያውቃል?» አለችኝ።

ይህ መልስ በቁጥር የሚረታ አይደለም። ዋጋ ተረጋግቶ በማይገኝበት ጊዜ፣ በቤት ያለ አምስት ሊትር ዘይት ከልዩነቱ ብር በላይ ዋጋ አለው። ስለዚህ ኩፖኑን ጣሉት ብዬ አልመክርም። የሚያደክመን ራሱ ኩፖኑ ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው ብለን መጠየቅ ግን ይገባናል።

በዚህ ረገድ የእንግሊዝ አገር ታሪክ የሚያስተምረን ነገር አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት እ.ኤ.አ. በጥር 1940 ቅቤና ስኳር ለሕዝቡ በደብተር መታደል ጀመሩ፤ እደላው የተጠናቀቀውም ጦርነቱ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1954 ሥጋ ነፃ ሲለቀቅ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ በመረጠው ባለሱቅ ዘንድ ይመዘገባል፤ ባለሱቁም በተመዘገቡለት ሰዎች ቁጥር ልክ ሸቀጡ ይላክለታል። ድርሻዋ የተመደበ ስለሆነ እናቲቱ ሌላው ወስዶ ይጨርስብኛል ብላ በጠዋት መሮጥ አያስፈልጋትም ነበር። ረጅሙ ሰልፍ በብዛት የሚታየው እንደ ዓሣ ያሉ፣ በደብተር የማይታደሉ ነገሮች በሚሸጡበት ሱቅ ደጃፍ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው ኩፖን በትክክል ከሠራ ሰልፍን የሚያስቀር መሣሪያ መሆኑን ነው። በእኛ ዘንድ ኩፖንና ሰልፍ እንደ መርፌና ክር የማይለያዩት፣ ኩፖኑ የያዝነው ድርሻ ለእኛ ተጠብቆ እንደሚቆይ እርግጠኛ ስለማያደርገን ነው። የደረሰ ይወስዳል፤ የዘገየ ይቀርበታል። እንዲህ ሲሆን ኩፖን ያለው ሰው ያገኘው መብት ዘይቱን የመግዛት ሳይሆን የመሰለፍ ብቻ ይሆናል።

ሌላው ችግር የገንዘብ ነው። ዘይቱ ደመወዝ የሚከፈልበትን ቀን ጠብቆ አይመጣም። ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ ቦርሳችን ባዶ በሆነበት ሰሞን «ዛሬ ካልወሰዳችሁ ያልፋችኋል» ይባላል። የሰፈር ባለሱቅ ውድ ቢሸጥም በዱቤ ይሰጠናል፤ የኩፖኑ ሱቅ ግን ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል። አንዳንድ ጊዜም ከዘይቱ ጋር የማንፈልገውን ሌላ ሸቀጥ አብረን እንድንገዛ ይነገረናል። ይህም በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ የልጆች ጉዳይ ነው። እናት ሥራ ስትሄድ ሰልፉን የምትይዘው ብዙ ጊዜ ሴቷ ልጅ ናት። በጠዋት ሰልፍ ላይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሰው፣ ደብተራቸውን በአንድ እጅ ጄሪካን በሌላው ይዘው የቆሙ ልጃገረዶች አይተን እናውቃለን። የቀረባትን የሒሳብ ትምህርት በየትኛውም ኩፖን መልሰን ልንገዛላት አንችልም። ስለዚህ ልጅ ከትምህርት ቤት የምትቀርበት ሰልፍ፣ ልዩነቱ የቱንም ያህል ብር ቢሆን፣ አያዋጣም ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። የቤት ሠራተኛ ያለንም ብንሆን የእሷ ሰዓት ከእኛ ሰዓት ያነሰ አለመሆኑን አንርሳ። ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ቆማ ስትመለስ የዕለቱ ሥራ ሳይነካ ይጠብቃታል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከራሴና ከጎረቤቶቼ ልምድ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ልዩነቱን አስሉ። የኩፖኑን ዋጋ ከመደብሩ ዋጋ ቀንሳችሁ በሚደርሳችሁ መጠን አባዙት፤ የመጓጓዣውን ቀንሱ፤ የቀረውን ለምትቆሙበት ሰዓት አካፍሉት። በዚያ ሰዓት ውስጥ በእጃችሁ ሥራ ከምታገኙት ካነሰ፣ ያን ቀን ሥራችሁን ሥሩ።

ሁለተኛ፣ ለማይበላሽ ነገር ብቻ ድከሙ። ዘይትና ስኳር በደንብ ከተከደኑ ይቆያሉ። በሰልፍ ተገኘ ተብሎ የማያስፈልግ ነገር መግዛት ግን ቁጠባ አይባልም።

ሦስተኛ፣ ከደመወዝ ቀን ጀምሮ የዘይቱን ብር ለይታችሁ በፖስታ አስቀምጡ። ዘይቱ በየትኛውም ቀን ቢመጣ ብድር ፍለጋ ሰው ደጅ አትቆሙም።

አራተኛ፣ ተጋገዙ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ በእኛ ግቢ አምስት ቤተሰቦች ተራ ገብተናል። በየወሩ የአንዷ ተራ ይሆንና መምጣት አለመምጣቱን እሷ ብቻ ታጣራለች። የምትነግረን ዘይቱ ተራግፎ ሽያጭ ሲጀመር ነው። ሱቁ ባለካርዷ ራሷ እንድትቀርብ ስለሚጠይቅ ሰልፉ ባይቀርልንም፣ በከንቱ የምንመላለስበት ቀርቶልናል። የዚያች ጋጋሪ ጎረቤቴ ሊጥም ከዚያ ወዲህ ሳይጋገር አላደረም።

ይህ ሁሉ ግን እኛ በበኩላችን የምናደርገው ነው። ሱቆቹም በበኩላቸው ሊያደርጉት የሚችሉት፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ። የመጣውን መጠንና የሚሸጥበትን ቀን በር ላይ መለጠፍ፣ በጠዋት ቁጥር አድሎ ሰዉን ወደየሥራው ማሰናበት፣ ለሠራተኛ እናቶች ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ወይም በዕረፍት ቀን መሸጥ ይቻላል። ይህ ከአቅም በላይ ነው የሚል ካለ የሮችዴልን ሱቅ ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሸማኔዎች፣ ገንዘብ አዋጥተው የኅብረት ሥራ ሱቅ ሲከፍቱ፣ መጀመሪያ ላይ የሚሸጡት በሳምንት በሁለት ምሽቶች ነበር። ገዢዎቹ ቀን ሠራተኞች መሆናቸውን ያውቁ ነበርና።

የእኛም የሸማቾች ማኅበራት የተቋቋሙት በዚሁ በኅብረት ሥራ መርህ ነው። አባል የሆነች ሁሉ፣ አንድ ዕጣ ቢኖራትም ብዙ ዕጣ ቢኖራት፣ በጠቅላላ ጉባኤ አንድ ድምፅ አላት። ነገር ግን በሰልፉ ላይ የምንበዛውን ያህል በጉባኤው ላይ አንታይም። ለዘይቱ አራት ጊዜ የምንመላለስ ሰዎች፣ ስለ ዘይቱ አሠራር ለመነጋገር በዓመት ጥቂት ሰዓት ብንሰጥ የምናተርፈው እሱ ነው።

እንግዲህ እኅቶቼ፣ ኩፖን ያዋጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፤ ድርሻው እርግጠኛ፣ ቀኑም የታወቀ ሲሆን ያዋጣል፤ «ነገ ኑ» እየተባለ ሲሆን ግን ዋጋውን የምንከፍለው እኛው ነን። የሚቀጥለው ጉባኤ ሲጠራ አንድ ወር የተመላለሳችሁበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። ሃያ እናቶች ሃያ ወረቀት ይዘው ቢነሡ «ትዕግሥት አድርጉ» ብሎ ማለፍ ለማንም ቀላል አይሆንም።