ሦስት አበባ

ዛሬ ዳግማይ ትንሣኤን አስቀድሼ ስመለስ መኪናዬን አቁሜ ሳልወርድ ቆየሁ። የጎረቤቶቼ አዛሊያ በሙሉ ፈክቷል። ነጩ፣ ሐምራዊው፣ ያ ዓይን የሚወጋው ሮዝ፣ ቅጠሉ እስኪጠፋ ድረስ። የእኔዋ ድፍን አረንጓዴ ሆና ቆማለች። ወርጄ ዙሪያዋን ሳይ ከጣሪያው ውሃ መውረጃ ቱቦ ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር ተሸጉጠው ሦስት አበቦች አገኘሁ። ሦስት ብቻ።

ለምን እዚያ ብቻ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። መቀሱ ቱቦው ጀርባ አይደርስማ!

መስከረም ላይ የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር (ኤችኦኤው) የቀጠራቸው ልጆች በኤሌክትሪክ መቀስ እንደ ኳስ ሲያድቦለቡሏት ፎቶዋን ለጥፌ ነበር። «ቅጠል አይደል፣ ያድጋል» ብላችሁ አጽናናችሁኝ። ቅጠሉማ አደገ። አዛሊያ ግን የሚቀጥለውን ዓመት አበባ የምትቋጥረው በሰመር ነው፤ እምቡጡን ቅርንጫፏ ጫፍ ላይ ይዛ ብርዱን ሙሉ ትከርማለች። መቁረጥ ያለበት ሰው አበባዋ እንደረገፈ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይቆይ ይቁረጥ። መስከረም ላይ የሚቆርጣት የሚያዝያዋን አበባ ነው የሚያጭደው። ይህንን ለኤችኦኤው ጽፌ «ተክሉ አልደረቀም» የሚል መልስ መጣልኝ።

ቤንጃሚን ሞሪሰን የሚባል ሰው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ግሌን ዴል ላይ፣ ስንት ዓመት እያዳቀለ 454 ዓይነት አዛሊያ አውጥቷል። የፈለገው የዋሽንግተንን ብርድ ችሎ ትልልቅ አበባ የሚሰጥ ዘር ነበር። ብሔራዊ አርቦሬተሙ ኮረብታ ላይ በየዓመቱ ሄደን ፎቶ የምንነሳባቸው የእሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከእነሱ ብዙዎቹ ሊነቀሉ ነው ሲባል ሰው ጮኾ አስቀርቷቸዋል። የእኔዋ ብርዱን ችላ መቀስ ጨረሳት።

ደግሞ ያለፈው ሰመር ራሱ እንዴት እንዳለፈላት እኔ ነኝ የማውቀው። እማዬ ሰኔ መጥታ ኅዳር እንደተመለሰች ታውቃላችሁ። በየቀኑ ከሰል አቀጣጥላ ቡናዋን ታፈላለች፤ ሲያልቅ አመዱን ይዛ ቀጥታ ወደ አዛሊያዋ። እናቴ የጎጃም ሰው ናት። የደጋው አፈር አሲዳማ ሆኖ ገበሬውን ሲያስመርር ነው ያደገችው፤ ጓሮዋን ዕድሜ ልኳን በአመድ ነው የያዘችው። አዛሊያ ደግሞ የምትወደው ያንኑ ገበሬ የሚሸሸውን አፈር ነው፤ ፒኤቹ ከ4.5 እስከ 6 ሲሆን ይስማማታል። በዚያ ላይ የቤቱ መሠረት ሲሚንቶ ነው፣ ኖራው ወደ አፈሩ ይወርዳል። ነሐሴ ላይ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ቀረ፣ በእስክሪብቶ የተሳለ ይመስል። አፈሩን ብለካው 7!

«እማዬ፣ አመድሽ ነው» ማለት አቃተኝ። ለአምስት ወር የእኔን ቤት ቤቷ ያደረገችው በዚያች አመድ ነው። «ይቺን ተያትና ለጎመኑ አድርጊለት» አልኳት። ጎመኑ አበደ፣ ለጎረቤት ሁሉ ተረፈ። እኔም ማታ ማታ፣ እሷ ስትተኛ፣ ላዩን አፈር በጣቴ ጠረግሁላት። ሥሯ ከላይ ከላይ ስለሆነ መኮትኮት አይቻልም። ትንሽ ድኝ ነሰነስኩ፣ የጥድ ቅጠል አለበስኳት።

አንድ ቀን ውሃ ሳጠጣ አጠገቤ ቆማ «ይቺ ትበላለች?» አለችኝ።

«ኧረ መርዝ ናት እማዬ፣ ፍየል እንኳን ከበላቻት ትታመማለች።»

«ታዲያ እንዲህ የምትለፊላት ለምንድን ነው ልጄ?»

«ሚያዝያ ይድረስ፣ ታይዋለሽ» አልኳት።

መስከረም ላይ መቀሱ ሲመጣ እኔ ሥራ ነበርኩ። እማዬ በመስኮት አይታቸዋለች፤ ቋንቋውን ስለማትችል ምን ትበላቸው? «ልጆቹ አጸዱልሽ» ብላ ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ። ዘንድሮ ግን ከሰኔ በኋላ መቀስ ይዞ የሚጠጋት ሰው በሩ ላይ ቆሜ ያገኘኛል።

ቅድም ተንበርክኬ ቱቦው ጀርባ ስልኬን አስገባሁ። ሦስቱን አበባ በጣም አቅርቤ፣ ሌላ ምንም እንዳይታይ አድርጌ አንስቼ ላክሁላት። ዛፏ በሙሉ ያበበች መስሏታል። እልልታዋን ቀድታ ልካልኛለች፤ ጎረቤቶቿም ከኋላ ይሰማሉ።

አላረምኳትም።