ጩኸት ጉልበት አይደለም

ብዙ ሰው የእሽቅድምድም መኪና ሲያይ ዓይኑ በቀለሙና በጎማው ላይ ያርፋል። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ የጭስ ማውጫውን ቱቦ ክርን መመልከት ልማዴ ነው፤ የሞተሩ ትንፋሽ የሚታነቀው እዚያ ነውና።

አራት ሲሊንደር ያለው ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር፥ በሴኮንድ 200 ጊዜ ጭስ ይተፋል። ቱቦው በተራ መጫኛ ሲታጠፍ ክርኑ ይጨፈለቃል። ውስጡ 60 ሚሊ ሜትር የነበረው፥ ክርኑ ላይ የ50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ያህል ብቻ ካሳለፈ፥ ከመንገዱ 3 አሥረኛው ጠፋ ማለት ነው።

የጥንት ባለሙያዎች ቱቦውን በደረቅ አሸዋ ጠቅጥቀው፥ በእሳት አግለው ያጥፉት ነበር። አሸዋው እርጥብ እንደ ሆነ እንፋሎቱ መድፈኛውን አስፈንጥሮ ሰው ይጎዳል። የዛሬው መሣሪያ ግን ማንድሬል የተባለውን ብረት በቱቦው ውስጥ አስገብቶ ስለሚያጥፍ፥ ክርኑ ክብነቱን አይለቅም። ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል።

ታዲያ ሁሉም ሰው ይህን ይግዛ ማለቴ ነውን? አይደለም። ረጋ ብሎ ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ቱቦውን ከልክ በላይ ማስፋትም ጭሱን ያዘገየዋል፤ ሞተሩም በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ያጣል።

ስለዚህ ወዳጄ፥ ገንዘብህን ከመክፈልህ በፊት ቱቦው በምን እንደ ታጠፈ ጠይቅ፤ ከቀዘቀዘም በኋላ ክርኑን በእጅህ ዳስስ። ጩኸት ጆሮን ያታልላል፤ እጅህ ግን ጠፍጣፋውን ከክቡ ይለያል።